አንድ ሜትር ከአሥር

ኢንስፔክተር ጉ ማልሱን ወደ ሃንዶል ደሴት በሚሻገረው የእሑድ ጠዋት ጀልባ ስትሳፈር፣ ከጎኗ ያለውን መቀመጫ አንድ ረዥም የካርቶን ጥቅል ቀድሟት ይዞታል። ጉልበቷን ስለሚያማት እግሯን ለመዘርጋት ጥቅሉን ገፋ ስታደርገው ጀልባ ነጂው ከመሪው ዞሮ ተቆጣ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ እትዬ። የሙዚየሟ ሴትዮ ጽሑፎች ናቸው። አንዷ ፊደል ብትጨማደድ ትገድለኛለች።»

«ዛሬስ አትገድልህም» አለችው ማልሱን፤ የደረቀ ዓሣዋንም ማኘክ ቀጠለች።

ሴትዮዋ ታክ ዩንሺል ትባላለች። የአርባ አራት ዓመት ሰው ናት፤ ሥራዋም ሙዚየም ማሰናዳት ነበር። ዓርማውን፣ የግድግዳውን ቀለም፣ ፎቶዎቹ የሚሰቀሉበትን ቦታ፣ ከሥራቸው የሚለጠፈውን ጽሑፍ የምትወስነው እሷ ነበረች። ከሴኡል መጥታ ስምንት ወር ሃንዶል ላይ ተቀምጣ፣ የጥንቱን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ቤት ወደ ሙዚየም ለውጣ፣ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እዚያው ወለል ላይ ሞታ ተገኘች። ማልሱን ስለ ደሴቱ የምታውቀው አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ያህል ነበር፤ ይኸውም ብዙ ሆኖ ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነው።

የደሴቱ ፖሊስ ሳጅን ናም በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጉዳዩን በልቡ ዘግቶታል።

«ከመሰላል ወድቃ ነው ኢንስፔክተር። የጭንቅላቷ ኋላ የጠረጴዛውን ማዕዘን መትቷል። መሰላሉም ይኸው። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ የራሷም ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነው።»

ጠረጴዛው የጥንቱ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ነው፤ ብረት ነው፤ በአራቱም ጎን የቆዳ ማሰሪያ ተንጠልጥሎበታል። ዩንሺል ከሥሩ በጎኗ ተኝታለች። ትንሽዬ ሴት ናት፤ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። ነጭ የክር ጓንት በአንድ እጇ ብቻ አለ፤ ሁለተኛውን ለማጥለቅ ጊዜ አልነበራትም።

ከአጠገቧ የተንበረከከው የደሴቱ ሐኪም ቀና ሳይል ተናገረ። ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እንደወደቀች ገመተ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ማልሱን እንዲደግምላት ጠየቀችው።

«ወዲያው አልሞተችም። አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ሁለት ሰዓት ተንፍሳለች። ያኔ የጠራን ሰው ቢኖር ትድን ነበር።»

የአደጋ ጥሪው ደወል ከሬሳዋ ሦስት ርምጃ ላይ ግድግዳው ላይ ነበር። ማልሱን በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ገዳይ አይታለች። መትቶ የሚሮጥ ፈሪ ይገባታል። የምትተነፍስ ሴት ወለል ላይ ትቶ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ቆልፎ የሚሄድ ሰው ግን አንጀቷን አሳረራት።

ጉልበቷ አልችል ሲላት ጥግ ላይ የቆመች የተሽከርካሪ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይኸኔ ክፍሉ ተለወጠባት። ቆማ ስታይ ዝቅ ብለው የተሰቀሉ የመሰሏት ፎቶዎች ሁሉ ልክ ዓይኗ ላይ መጡ። ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ክፍል ነበር።

«ሳጅን፣ ሴትዮዋ መሰላል ላይ የወጣችው ምን ልትሰቅል ነው?»

«ፎቶ ይሆናላ።»

«እስቲ እዚህ ቤት ከደረትህ በላይ የተሰቀለ አንድ ነገር አሳየኝ።»

ሳጅኑ ዙሪያውን አየ። አንድም አልነበረም።

ማልሱን ወንበሯን እያንከባለለች በግድግዳው ሥር አለፈች። አሥራ አንድ ፎቶዎች በአንድ መስመር መኖር ነበረባቸው፤ ስምንተኛው ቦታ ባዶ ነው። ግድግዳው ተሰነጣጥቆ፣ ብሎኖቹ ከነልስኑ ተነቅለዋል። በየፎቶው ፊት ወለል ላይ አንዳንድ ጥቁር የብረት መብራት ቆሟል፤ ሁሉም ፊት ለፊት ፎቶውን ያያሉ፤ የስምንተኛው ግን አንገቱ ተጠምዝዞ ወደ ጥግ ዞሯል። ጎንበስ ብላ አየችው። አንገቱ ላይ ሁለት ጎላ ያሉ ቀለበቶች አሉ፤ ቀለበቶቹ ላይም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቡናማ ነገር ተጣብቋል። በምላጭ አንስታ ወረቀት ውስጥ አደረገችው።

የበሩ ቁልፍ አራት ነው፤ የሟቿን ትቶ ሦስት ሰው ይቀራል። ማልሱን ከላይ ጀመረች።

የሙዚየሙ ዳይሬክተር ፒዮ ሴግዎን ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። አባቱ ይህን ሆስፒታል ሃያ ዓመት የመራ ሰው ነው። ከቢሮ ጠረጴዛው ኋላ ባለ ቀይ አበባ ዓርማ በመስታወት ተሰቅሏል፤ እሱ ለሙዚየሙ የፈለገው ይህን ነበር። ዩንሺል ያወጣችው ግን ሁለት ጥቁር መስመርና በመካከላቸው ያለ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የሕሙማኑ ጤነኛ ልጆች ከእናት አባታቸው ተነጥለው ያድጉ ነበር። በወር አንድ ቀን ወላጆች በመንገዱ በዚህ ወገን፣ ልጆች በዚያ ወገን ይሰለፋሉ፤ ነፋሱ ከወላጆች ወደ ልጆች እንዳይነፍስ እየታየ ነው የሚቆሙት። እንዲተያዩ እንጂ እንዲነካኩ አይፈቀድም። ዩንሺል የመንገዱን ስፋት በሜትር ለክታ፣ በዓርማው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በልኩ አወጣችው።

«ሰው ሙዚየም የሚመጣው ሊታረቅ ነው» አለ ፒዮ። «እሷ ግን ቁስል መነካካት ትወድ ነበር። አባቴ ለእነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት ሠርቶላቸዋል።»

«የቀዶ ጥገናውን ጠረጴዛስ ማን ገዛው?»

ፒዮ ፊቱ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። ስለ ስምንተኛው ፎቶ ስትጠይቀው ግን አልካደም። ፊት የሌለበት ፎቶ ነው አላት፤ ብረቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ክንድ ተዘርግቷል፣ የሌላ ሰው ሁለት እጆች ክንዱን ጨቁነው ይዘዋል። ከደሴቱ ሊያመልጥ ሲሞክር የተያዘ ወጣት ወንድ በቅጣት እንዲመክን ይደረግ ነበር። ያ ፎቶ እንዲወርድ ዓርብ ዕለት ዩንሺል ላይ እንደጮኸባት ሳጅኑም ሰምቷል። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ብቻውን ነበር፤ ምስክር የለውም።

«የገደልኳት ከመሰለዎት ይሳሳታሉ» አለ ሲነሳ። «እኔ በወጣትነቴ ዋና ከተማው ትልቁ ሙዚየም ውስጥ ፎቶ ሰቃይ ነበርኩ። አሥር ዓመት ሰቅያለሁ። እሷ ግን እንደ ጀማሪ ነበር የምታየኝ፤ ይህ ያናድዳል እንጂ አያስገድልም።»

የሁለተኛው ቁልፍ ባለቤት ኦክ ቻንግሆ ነው፤ ፎቶዎቹን የሰቀለ፣ መብራቱን የዘረጋ አናጢ። ሬሳዋን ያገኘው እሱ ነው። በሩ ሥር ተቀምጦ ያጨሳል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን አላረፈም።

«ስምንት ወር ወገቤን ጨረሰችው» አለ። «በዓለም ላይ ያለ ፎቶ ሁሉ መሐሉ አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ይሰቀላል። እሷ ግን አንድ ሜትር ከአሥር አለች። ‘ኧረ እትዬ፣ ሰው ጎንበስ ሊልልሽ ነው?’ አልኳት። ‘አዎ፣ አንዴ እንኳ እነሱ ጎንበስ ይበሉ’ አለችኝ። አሽከር አድርጋኝ ነበር። ግን ደግ አሽከር ነበርኩ።»

መሰላሉ የእሱ ነው፤ የኮርኒሱን ሽቦ አስሮ ሲጨርስ እዚያው አጋድሞት ሄደ። ፎቶዎቹ እንዴት እንደሚወርዱ ስትጠይቀው ሣቀባት።

«ከኋላቸው በሰያፍ የተቆረጠ እንጨት አለ። በሁለት ጣት ወደ ላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ከዚያ ራሱ እጅዎ ላይ ይወርዳል። ሕፃንም ያወርደዋል፤ ካወቀ።»

«መብራቶቹስ?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ነው ያበራናቸው። ከዚያ በፊት ሽቦም አልነበራቸውም። ‘የሚቃጠል ካለ ከምረቃው በፊት ይቃጠል፤ እስከ ነገ ይንደዱ’ አለች። እንደ ምድጃ ነው የሚግሉት፤ እኔ ያለ ቆዳ ጓንት አልነካቸውም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፎቶዎቹ ሽፋን ወረቀት ሲገፈፍ ከዩንሺል ሌላ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ፒዮ፣ እሱ ራሱ፣ ጡረተኛዋ ነርስ ሲስተር ቢዮን፣ የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር አባባ ቦንግ ታልሶና ጓደኛቸው አባባ የም ፒልጉ። ከዚያ የቅዳሜ የመታጠቢያ ሰዓት ደረሰና ሁሉም ተበተኑ። ኦክ ጀልባ ማረፊያው ላይ ብቻውን ሲጠጣ አመሸ። የእሱም ምስክር ጠርሙሱ ነው።

ሦስተኛው ቁልፍ በአባባ ታልሶ እጅ ነበር።

ማልሱን ያገኘቻቸው ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሲስተር ቢዮን ቁስል ስታጥብላቸው ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከጣቶቻቸው የቀሩት አጫጭር ጉማጆች ናቸው፤ ፈገግታቸው ግን ሙሉ ነው። ለደሴቱ ሰዎች ጡረታ ያስከበሩላቸው፣ ሙዚየሙም እንዲሠራ ሚኒስቴር ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። ሃንዶል ላይ ስማቸው በክብር ይጠራል። ማልሱን ገና ከበሩ ወደደቻቸው፤ በኋላ በዚህ በራሷ ትናደዳለች።

ነርሷ የጥንቶቹን ፎቶዎች ሆስፒታሉ ሊያቃጥላቸው ሲል በቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ያወጣች ሴት ናት። ስለ ዩንሺል ስትጠየቅ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ፋሻውን መጠቅለሏን አላቋረጠችም። የደሴቱ ሽማግሌዎች ማታ ማታ እጅና እግራቸውን በመብራት እንደሚፈትሹ ነገረቻት።

«ሕመም ዘበኛ ነው ኢንስፔክተር። እነሱ ዘበኛቸው ሞቶባቸዋል። ምስማር ረግጠው ሳምንት ይሄዱበታል።» ከዚያ የአባባ ታልሶን መዳፍ ገልብጣ አሳየቻት፤ የተቀቀለ የመሰለ ቀይ ነገር ነው፤ በላዩ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር ጠልቋል። «ይዩልኝ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ከማንቆርቆሪያ ይጣላሉ። የሙዚየሙን ዓርማ መዳፋቸው ላይ አትመውታል።»

«እኔማ ከግድግዳው ቀድሜ ተመረቅሁ» አሉ አባባ ታልሶ፤ ሁለቱም ትንሽ ሣቁ። ማልሱንም አብራ ሣቀች፤ ዓይኗን ግን ከመስመሮቹ አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። አባባ ፒልጉ ዓይነ ስውር ናቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት፤ አባባ ታልሶ ያበስሉላቸዋል፣ ጋዜጣ ያነቡላቸዋል፣ እግራቸውን ይፈትሹላቸዋል። እንደ ባልና ሚስት ይነታረካሉ። የገብስ ሻይ ሲቀዳላት ማልሱን ማንቆርቆሪያውን ለማገዝ መስላ ተቀበለችና በጣቷ ዳሰሰችው። ከአፉ እስከ ቂጡ ልሙጥ ነው።

ትናንት የት ነበራችሁ ስትል መታጠቢያ ቤት ነበርን አሉ አባባ ታልሶ።

«ጀርባዬን አሽቶኝ ሳሙና ረሳሁ ብሎ ወጣ» አሉ አባባ ፒልጉ። «ውሃው ቀዝቅዞብኝ አጥንቴ ድረስ በረደኝ። ሲመጣም ሳሙና አልያዘም። ሰነፍ ነው።»

አባባ ታልሶ ሻይ መቅዳታቸውን ቀጠሉ፤ ጽዋው ሞልቶ ፈሰሰ።

«ያቺ ልጅ ደግ ነበረች» አሉ አባባ ፒልጉ። «የማላየውን ሁሉ ትነግረኝ ነበር። ትናንት እያንዳንዱን ፎቶ እየቆመች አስረዳችኝ። ስምንተኛው ጋ ስንደርስ ‘እጆች ናቸው አባባ፤ አንድ ክንድ የያዙ እጆች’ አለችኝ። ‘ክንዱ የኔ ነው’ አልኳት። የያዙኝን አውቃቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዓይኔ በጨርቅ ታስሮ ነበር አልኳት።»

«አባባ ታልሶም ይሰሙ ነበር?»

«ወንበሬን የሚገፋው ማን ሆነና።»

ማልሱን ሻይዋን ጨረሰች፤ ከዚያም ማምሻውን ሁሉም ሙዚየሙ እንዲመጡ ነገረች።

አስከሬኑ ተነስቷል፤ ጠረጴዛው ግን እንዳለ ነው። ማልሱን መብራቶቹን አስበራቻቸው፤ ሰውም ሁሉ እንዲቀመጥ አዘዘች። ፒዮ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ሲል ምቾት አልተሰማውም፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ደረሰ። ኦክ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲስተር ቢዮን መካከል ሆነች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን።

«ዩንሺል ይህን ክፍል ለተቀመጠ ሰው ነው የሠራችው» ብላ ጀመረች። «የሆነውንም የሚያየው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሳጅን ናም ቆሞ ስላየ መሰላል ታየው። እዚህ ቤት ፎቶ ለመስቀል መሰላል የሚወጣ የለም፤ ስለዚህ አልወደቀችም፤ ተገፍታለች። በሩ ስለተቆለፈም የገፋት ቁልፍ ያለው ሰው ነው።»

ፒዮና ኦክ ተያዩ።

«ዳይሬክተሩ ፎቶው እንዲወርድ ጮኸው ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ልጠረጥራቸው ነበር፤ ፊታቸው አልተመቸኝም። ግን አሥር ዓመት ፎቶ የሰቀለ ሰው እንዴት እንደሚወርድ ያውቃል። በሁለት ጣት ወደ ላይ። ኦክም የሰቀለው እሱ ነው። ይህን ፎቶ የወሰደው ሰው ግን ወደ ራሱ ስቦ ግድግዳውን ከነብሎኑ ገነጠለው። የሙያው ሰው አይደለም።»

ወንበሯን እየገፋች ወደ ስምንተኛው መብራት ተጠጋች።

«ይህ መብራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ምድጃ ግሎ ነበር። አንገቱን ለመጠምዘዝ አጥብቆ መያዝ ይጠይቃል። እኔ፣ ዳይሬክተሩ፣ ኦክ፣ ማንኛችንም በባዶ እጅ ብንነካው በቅጽበት እንለቀው ነበር። ይህ ሰው ግን ጠምዝዞት እስኪጨርስ ይዞታል፤ ቆዳው ብረቱ ላይ ቀርቷል። ይህ የሚያሳየው ሕመሙን መቻሉን ሳይሆን አለመሰማቱን ነው። አንገቱ ላይ ደግሞ ሁለት ቀለበት አለ።»

ሲስተር ቢዮን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያ ቀልዷ አሁን ገና ገባት።

«ማንቆርቆሪያው ልሙጥ ነው አባባ» አለች ማልሱን። «ውሸት ከተናገሩ አይቀር ቀለበት ያለው ዕቃ ቢመርጡ ይሻል ነበር።»

አባባ ታልሶ እጃቸውን አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሊቀመንበር ድምፅ አልነበረም።

«አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ክንዴ ላይ ጨርቅ አሰሩልኝና ሥርዓት አስከባሪ አደረጉኝ። በወር አንድ ቁና ገብስ ይጨመርልኝ ነበር። ያዘው አሉኝ፤ ያዝኩት። ትናንት ወረቀቱ ሲገፈፍ እጆቼን አየኋቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ያላየኋቸው እጆቼ፤ ዐሥሩም ጣት ሙሉ። የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር የተሰነጠቀ ነበር፤ እሱም ይታያል። ከዚያ እሱ ‘ክንዱ የኔ ነው’ ሲላት ሰማሁ።»

«ማንም አላወቀዎትም ነበር» አለች ማልሱን።

«እሷ ያወቀች መሰለኝ። መብራቱን ከእጆቼ ላይ አዙሬ ፎቶውን ስገነጥል ገባችና ‘አባባ፣ ለምን?’ አለችኝ። አውቃ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። ልትቀማኝ ስትስብ ገፋኋት። ፎቶውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።»

«ከወደቀች በኋላስ? ደወሉ ከአጠገብዎ ነበር። እስከ ሁለት ሰዓት ስትተነፍስ ቆይታለች።»

አባባ ታልሶ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው እፍረት ጠፍቶ ሌላ የባሰ ነገር መጣ።

«አትተነፍስም ነበር። አፍንጫዋ ላይ እጄን አድርጌ ቆየሁ። ምንም አልተሰማኝም…»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ምን እንዳሉ ገባቸው። ሲስተር ቢዮን ዓይኗን ጨፈነች። አባባ ታልሶም ያን መዳፍ፣ የጋለ ብረት ያልተሰማውን መዳፍ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ከራሳቸው አርቀው ዘረጉት።

ማልሱን ከጠዋት ጀምሮ ለገዳዩ ያስቀመጠችው ቁጣ ነበራት። አሁን የምታሳርፍበት ጠፋት፤ ቢሆንም ሥራዋን መጨረስ ነበረባት። በጀልባ አብሯት የመጣውን ጥቅል ፈታችና የስምንተኛውን ፎቶ ጽሑፍ አወጣች። ጽሑፎቹ ትናንት ገና ግድግዳው ላይ አልነበሩም። ጮክ ብላ አነበበችው።

«‘የያዙትም፣ የተያዘውም ሕሙማን ናቸው። እጆቹ የማን እንደሆኑ አናውቅም፤ ማወቅም የዚህ ሙዚየም ሥራ አይደለም። ያዝ ያለው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን።’»

ፒዮ ጫማውን አየ። አባባ ታልሶ ጽሑፉን እንድትደግምላቸው ለመኑ፤ አልደገመችላቸውም።

«ታልሶ» አሉ አባባ ፒልጉ። «ያኔ ዓይኔን ነው የሸፈኑት እንጂ ክንዴን አልሸፈኑትም። ያኔ ክንዴ ይሰማው ነበር። የተሰነጠቀው ጥፍርህ ቆዳዬን ሲቧጥጠኝ አውቄሃለሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኛ ቤት የረሳ አልነበረም። አንተ እስክትነግረኝ እጠብቅ ነበር። እግሬን ባየህልኝ ቁጥር ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ።» ክንዳቸውን ዳሰሱ። «ቀድሜ ብናገር ኖሮ ልጅቷ ዛሬ ከእኛ ጋር ትሆን ነበር። ኩራት ነው የያዘኝ። መጀመሪያ አንተ እንድትናገር ፈለግሁ።»

አባባ ታልሶ እጃቸውን ወደ ጓደኛቸው ጉልበት ላኩ፤ ሳያደርሱት መለሱት። አባባ ፒልጉ ስለማያዩ ይህን አላወቁም።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባው ላይ ጥቅሉ በነበረበት በኩል ዩንሺል በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ተኝታለች። ጀልባ ነጂው ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የሚነዳው። ማልሱን ጽሑፎቹን ለኦክ ትታለታለች፤ ስምንተኛውን ባዶው ቦታ ሥር፣ በዚያው ከፍታ እንደሚለጥፈው ማለላት። ፒዮ እስከ ወደቡ አልመጣም።

አባባ ፒልጉን ሲስተር ቢዮን እየገፋች እስከ ማረፊያው አመጣቻቸው። ለአባባ ታልሶ አንድም ቃል አልተናገሩም። ማልሱንን ግን እጇን ይዘው አስቆሟት።

«እሱን የምትወስጂበት ቤት፣ ማታ ማታ እጁን የሚያይለት ሰው አለ?»

«አላውቅም አባባ» አለች፤ ልትዋሻቸው አልፈለገችም።

ጀልባው መካከል ባሕር ሲደርስ ማልሱን ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየች። ውሃውን እያዩ ነው። ካቴናው ፋሻውን አልፎ የእጃቸውን አንጓ ቆርጦታል፤ ደሙ በጉልበታቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቸው አላወቁም። አልራራችላቸውም፤ ጨርቅ የለበሰችውን ሴት አንዴ አየቻትና አለመራራቷን አረጋገጠች። ከዚያ ቁልፏን አወጣች፣ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ ገልብጣ በደንብ መረመረች፣ ካቴናውንም አንድ ጥርስ አላላችው።